ስድስት እግር ያለው ፈረስ እንዳይወጣባችሁ፦ የሚንቀሳቀስ ነገርን በፓኖራማ ስለማንሳት

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ፣ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ሜዳ ላይ ጉግስ እየተጫወቱ ነበር። ያኔ ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ነው የያዝኩት፣ ሜዳው ሰፊ፣ ሰዉ ብዙ፣ ፈረሱ ብዙ፣ በአንድ ፎቶ አልገባ ሲለኝ ፓኖራማ ላይ አድርጌ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ማታ ቤት ገብቼ ሳየው ሜዳው አሪፍ፣ ተራራው አሪፍ፣ ሰማዩማ አትጠይቁኝ፣ መሀል ላይ ያለው ፈረስ ግን ስድስት እግር አለው፣ ጋላቢው ደግሞ ከወገቡ በላይ የለም። በማግስቱ ለባለፈረሱ አሳየኋቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ትኩር ብለው አዩና "ልጄ፣ ባለ አራት እግሩን ለመቀለብ ገብስ አልበቃኝም፣ ይሄንን ማን ይቀልብልሃል?" አሉኝ።

ከዛ ወዲህ ብዙ አበላሽቻለሁ፣ ብዙም ተምሬያለሁ፣ የተማርኩት ነገር ሲጨመቅ ግን አንድ ነው፦ ፓኖራማ ማለት የተሰፋ ልብስ ነው፣ ስፌቱ የት እንደሚያርፍ እናንተ ካልወሰናችሁ ስልኩ ወይ ሶፍትዌሩ ይወስንላችኋል፣ እሱ ደግሞ ፈረስ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚ ከምንም በፊት ቆም ብላችሁ እዩ፣ ምንድነው የሚንቀሳቀሰው፣ በምን ፍጥነት፣ ወዴት ነው የሚሄደው፣ ተመልሶስ ይመጣል ወይ? ዘዴውን የምትመርጡት ከዛ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ስልኩ ምን እንደሚሰራ እንይ። ፓኖራማ ላይ አድርጋችሁ ስታዞሩት አንድ ፎቶ አይደለም የሚያነሳው፣ እንደ ቋንጣ ቀጭን ቀጭን እያደረገ ይቆርጥና ጎን ለጎን እየለጠፈ ይሄዳል። የግራው ቁራጭና የቀኙ ቁራጭ መሀል ብዙ ሰከንድ አለ። ሂሳቡን ስሩት፣ 180 ዲግሪ ለማዞር 10 ሰከንድ ቢፈጅባችሁ በእግሩ የሚሄድ ሰው (በሰአት 5 ኪሎሜትር በሉት) 14 ሜትር ያህል ሄዷል፣ በሰአት 40 የሚጋልብ ፈረስ ደግሞ ከ110 ሜትር በላይ። ሰውየው እናንተ በምታዞሩበት አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ ካሜራው ላዩ ላይ ስለሚቆይ ይለጠጣል፣ በተቃራኒው ከመጣ ይጨመቃል፣ ወይም ግማሹ ብቻ ይቀራል። አይፎን ላይ ቀስቷን አንዴ ነካ ስታደርጓት አቅጣጫው ይገለበጣል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለምን እንደሚጠቅም አሁን እነግራችኋለሁ።

ታቦት ሲወርድ አስቡት። ሰዉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እየፈሰሰ ነው፣ ከፊት ወጣቶቹ ምንጣፍ እያነጠፉ እያነሱ ይሮጣሉ፣ ከኋላ ዘማሪው። ከሰዉ ጋር አብራችሁ ካዞራችሁ ያው ነጭ ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው ሶስት ቦታ ይወጣላችኋል። በተቃራኒው ካዞራችሁ ግን እያንዳንዱን ሰው አንዴ ብቻ ነው የምታገኙት፣ የሚዘለል ሰው ይኖራል እንጂ የሚደገም አይኖርም፣ የተዘለለ ሰው ደግሞ ፎቶ ላይ አይታይም። ስለዚ ለሰልፍ፣ ለታቦት፣ ለሰርግ አጀብ ሁሌም ከፍሰቱ በተቃራኒ። ይሄ በስልክም በካሜራም ይሰራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም ደግሞ። በፈረንጆቹ 1904 ሰርከት የሚባል በሞተር እየተሽከረከረ ረጅም ፊልም ላይ የሚያነሳ ካሜራ ወጥቶ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን በትልቁ ለማንሳት ይጠቀሙበት ነበር፣ ታዲያ ረባሽ ልጅ አይጠፋም አይደል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ይነሳና ካሜራው ሲያልፈው በሰልፉ ኋላ ሮጦ ሌላኛው ጫፍ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ልጅ በአንድ ፎቶ ሁለት ጊዜ። እኔ ይሄንን መንዝ ውስጥ ለልጆች ነግሬያቸው ጉድ ሆኛለሁ፣ ወደዛ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ስልኩ ራሱ የሚሰፋውን ፓኖራማ ለሚንቀሳቀስ ነገር እርሱት ባልልም፣ ቁራጮቹን እናንተ አንስታችሁ በኋላ ብትሰፉት ግን ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ማለትም ተራ ፎቶ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ እያዞራችሁ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ሲሶ ያህል እየተደራረበ፣ ብዙ እንቅስቃሴ ካለ ደግሞ ግማሽ ይሁን፣ ምክንያቱም መደራረቡ ሰፋ ሲል ስፌቱን ወዲያና ወዲህ የምታንቀሳቅሱበት ቦታ ታገኛላችሁ። ካሜራውን ወይ ስልኩን በቁመት ያዙት። ካነሳችሁ በኋላ ሀጊን የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ ዊንዶውስም ማክም ሊነክስም ላይ ይሰራል፣ ላይትሩምና ፎቶሾፕ ያላችሁም በዛው።

ስንት ፍሬም (ስንት ቁራጭ ፎቶ)? እዚ ጋር ነው ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት። ዩቲዩብ ላይ 50 ሚሜ ሌንስ ተጠቀሙ ይላሉ፣ ለተራራ እውነታቸውን ነው፣ ዝርዝሩ ይበዛል። ግን 50 ሚሜ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ በቁመት ሲያዝ ወደ ጎን የሚያየው 27 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ሲሶ ሲደራረብ በአንዴ 18 ዲግሪ ነው የምትራመዱት፣ 180 ዲግሪ ለመሙላት 10 ፍሬም፣ ማለት 9 ስፌት። 24 ሚሜ ደግሞ በቁመት 53 ዲግሪ ያያል፣ 5 ፍሬም ይበቃችኋል፣ 4 ስፌት። ሰው የሚርመሰመስበት ቦታ 9 ስፌት ከምትደብቁና 4 ስፌት ከምትደብቁ የቱ ይሻላል? የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ሰፋ ያለ ሌንስ፣ ጥቂት ፍሬም፣ በቃ። የስልካችሁ ዋናው ካሜራ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 24 እና 26 ሚሜ አካባቢ ስለሆነ ምንም አትጨነቁ።

ከዛ ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፦ የሚንቀሳቀሰውን ነገር መጀመሪያ አንሱ፣ ቀሪውን በኋላ ሙሉ። አብዛኛው ሰው ከግራ ጀምሮ እንደ ጽሁፍ ወደ ቀኝ ያነባል፣ ፈረሱ ሲደርስ ሲደርስ አልፏል። እንደዛ አይደለም። ፍሬሙን መርጣችሁ ቁሙ፣ ፈረሱ መሀል እስኪገባ ጠብቁ፣ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ሲሆን ጠቅ፣ ጎኑና ጎኑ ላይ ያለው ጠርዝ ባዶ ሳር ይሁን፣ ከዛ ተረጋግታችሁ የግራውንና የቀኙን ሜዳ አንሱ። ስፌቱ ሳር ላይ አረፈ ማለት ነው። ሳርን ማን ይቆጥረዋል። ሁለት ሶስት ፈረስ ካለ ደግሞ እያንዳንዱን በየራሱ ፍሬም መሀል አንሱት፣ በአንድ ቅጽበት ባይሆኑም ችግር የለውም (ለጋዜጣ ዜና ካልሆነ በቀር፣ ዜና ከሆነ እንደዚ መስራት ማታለል ነው፣ እኔ በበኩሌ አላደርገውም)።

ማንሳት ከመጀመራችሁ በፊት ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን)፣ ፎከሱን (ጥርት ብሎ የሚታየውን ርቀት)፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ቃናውን) ቆልፉ። ካሜራ ላይ ማኑዋል፣ ስልክ ላይ ፕሮ ሞድ፣ አይፎን ከሆነ ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ኤክስፖዠርና ፎከስ ይቆለፋል። ካልቆለፋችሁ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው በገባ ቁጥር ካሜራው ያጨልማል፣ ጥቁር በሬ ሲገባ ያበራል፣ ሲሰፋ ሰማዩ እንደ ዝተት ባለ መስመር ይሆናል። ዝተት አልጠላም፣ ሰማይ ላይ ግን አይሁን።

የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የሰከንድ ክፋይ)፣ ለሚራመድ ሰው 1/250 ይበቃል፣ ለሚጋልብ ፈረስ 1/1000 እና ከዛ በላይ። ለምን ብትሉ በሰአት 40 የሚሮጥ ፈረስ በ1/250 ሰከንድ ውስጥ ከ4 ሴንቲ በላይ ይሄዳል፣ በ1/1000 ወደ 1 ሴንቲ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ማድረግ አትፍሩ፣ ትንሽ ሻካራ ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል።

አሁን ቦታ ቦታውን እንይ፣ ምክንያቱም ሰሜን ሸዋ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ አንድ አይነት አይደለም።

አውድማ ለመማሪያ ከሁሉ ይሻላል። ታህሳስና ጥር ላይ ገብስ ሲወቃ በሬዎቹ እየዞሩ ስለሆነ ያመለጣችሁ ነገር ይመለሳል፣ ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው። ትራይፖድ ትከሉ፣ 4 ወይ 5 አቅጣጫ ወስኑ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሶስት አራት ፎቶ አንሱ፣ በሬዎቹ ከዛ ፍሬም ሲወጡም ሲገቡም። ቤት ስትገቡ በሬ ያለበትን ከአንዱ፣ ባዶውን ከሌላው ትመርጣላችሁ። በመንሽ ወደ ላይ የሚጣለው ገለባ ስፌት ላይ ቢያርፍ ግድ የለም፣ ገለባ ገለባ ነው፣ ሰውየው እጅ ላይ ግን እንዳያርፍ፣ መንሹን የያዘው ሰው ሙሉ በአንድ ፍሬም ይግባ፣ መንሹም ጭምር፣ እኔ አንዴ እጀታውን ቆርጬ ሰውየው አየር የያዘ ሆኖ ቀረ። ደግሞ ስታነሱ ነፋሱን እዩ፣ ገለባው ሌንስ ላይ ከመጣ ስራችሁ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል።

ጭላዳ ለማንሳት ጣርማ በር አካባቢ የምኒልክ መስኮት ወይም መንዝ ጓሳ ትሄዳላችሁ። ጭላዳ ለፓኖራማ የተፈጠረ እንስሳ ነው ብል አላጋነንኩም፣ ቁጭ ብሎ ሳር እየነጨ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው የሚውለው፣ መንጋው ሰፊ ሜዳ ይሸፍናል፣ ግን ቀስ ይላል። እዚ ጋር 5 ፍሬሙን ቶሎ ቶሎ፣ በአምስት ስድስት ሰከንድ ውስጥ ጨርሱ፣ ከዛ ድገሙት፣ እንደገና ድገሙት፣ ከሶስቱ ዙር አንዱ ላይ ስፌቱ በሙሉ ንጹህ ይሆናል። ትልቁ ወንድ ጸጉሩን እያራገፈ ሲሮጥ ግን ፓኖራማውን ተዉትና እሱን አንሱ፣ ሜዳው የትም አይሄድም።

ጓሳ ላይ ያለው ሌላ ፈተና ሳሩ ራሱ ነው። ቦታው ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ አያባራም፣ ጓሳ ሳሩ እንደ ባህር ይተኛል ይነሳል። (ይህ ሳር እስከዛሬ የቆየው ደግሞ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየጠበቀው ስለሆነ ነው፣ ድሮ ቀሮ በሚባል ስርአት ነበር፣ ለፎቶ ብላችሁ አትርገጡት፣ መንገድ አለ።) ሳር ላይ ስፌት አይታይም ብያለሁ፣ እውነት ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ፎቶ የሚያገጣጥመው ሁለቱም ላይ ያለ ተመሳሳይ ነጥብ ፈልጎ ነው፣ ነጥቡን የተንቀሳቀሰ ሳር ላይ ከያዘ አድማሱ ይጣመማል። ስለዚ ሀጊን ላይ ገብታችሁ ሳር ላይ ያሉትን ነጥቦች ሰርዙ፣ ድንጋይና የተራራ ጫፍ ላይ ያሉትን ብቻ አስቀሩ፣ ጅብራም ካለ ግንዱ ጥሩ ነጥብ ነው። ይሄን ሳላውቅ ስንት ፎቶ ጥያለሁ መሰላችሁ።

ጉም ደግሞ ተቃራኒው ነው። አንኮበር ጠዋት ወጥታችሁ ወደ ቆላው ስትመለከቱ፣ ወይ ጣርማ በር ላይ ከዋሻው ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትመለከቱ ጉሙ ከስር ይፈላል። ስፌት ጉም ላይ አይታይም፣ ለስላሳ ስለሆነ ይዋሀዳል፣ ግን ሶፍትዌሩ ጉም ውስጥ የሚይዘው ነጥብ አያገኝም፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ፍሬም ካለ አልሰፋም ይላችኋል። በእያንዳንዱ ፍሬም ግርጌ ላይ ገደል ጫፍ፣ ድንጋይ፣ ዛፍ፣ የሆነ ጠንካራ ነገር ይግባ። ፈጠን በሉ ደግሞ፣ ጉም ብርሃኑን በሰከንድ ይቀይረዋል። እና እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ እዛ ገደል ላይ ስክሪን እያያችሁ አትዙሩ። መጀመሪያ እግራችሁ የሚቆምበትን እዩ፣ ከወገብ በላይ ብቻ ተጠማዘዙ። ጣርማ በር ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል።

ቅርብ ነገር ካለ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰው እጁን ዘርግቶ ስልኩን ይዞ በገላው ይዞራል፣ ሌንሱ ክብ እየሰራ ቦታ ይቀይራል፣ ሩቅ ተራራ ከሆነ ግድ የለም፣ ሁለት ሜትር ላይ አጥር ወይ ሰው ካለ ግን አይገጥምም፣ ሰዉ ቆሞም ቢሆን ሁለት ይሆናል። ዙሩ መሆን ያለበት በሌንሱ ዙሪያ ነው፣ እናንተ በስልኩ ዙሪያ ትሄዳላችሁ እንጂ ስልኩ በእናንተ ዙሪያ አይሄድም። ትራይፖድ ለሌለው ቀላል መላ አለ፣ ክር ላይ ትንሽ ጠጠር እሰሩና ከሌንሱ ስር አንጠልጥሉት፣ መሬት ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ በየፍሬሙ ጠጠሯ ከሳንቲሟ በላይ ትሁን። ሰው ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

ገበያ ላይ ሁለት ምርጫ ነው ያለው። አንዱ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ከሩቅ ማንሳት፣ ሰዉ ትንሽ ስለሚሆን ስፌት ላይ አንድ ሁለት ሰው ቢቆረጥ ማንም አያይም። ሌላው ሰው ማጥፋት ነው፣ ጠቆር ያለ ኤንዲ ፊልተር (ሌንስ ላይ የሚደረግ ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) አድርጋችሁ በትራይፖድ 30 ሰከንድ ካነሳችሁ የሚራመደው ሁሉ ይጠፋል፣ ፊልተር ከሌለ በአንድ አቅጣጫ 10 ወይ 15 ፎቶ አንስታችሁ ፎቶሾፕ ላይ በሚዲያን (ፎቶዎቹን አነጻጽሮ የመሀለኛውን በሚያስቀር ዘዴ) ማዋሀድ። የሚገርመው የተቀመጡት ነጋዴዎች ይቀራሉ፣ የሚያልፉት ይጠፋሉ። ለቤተክርስቲያን ግቢ ወይ ለህንጻ ደስ ይላል፣ ለገበያ ግን እኔ አልወደውም፣ ሰው የሌለው ገበያ ምኑ ገበያ ነው።

ደመራ ማታ ከሆነ እሳቱ በሙሉ በአንድ ፍሬም ይግባ፣ ነበልባል አይሰፋም፣ ብርሃኑም ስለሚዋልል በፊቱ ያሉትን ሰዎች ቶሎ አከታትላችሁ አንሱ።

ለጉግስ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አሁን ጨርሶ አልሰፋም። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ነው፣ ሰፊ ሌንስ አድርጌ አንድ ጊዜ አነሳና ላይና ታቹን ቆርጬ 6000 በ2000 አደርገዋለሁ። ፓኖራማ ማለት ቅርጹ ነው እንጂ መሰፋቱ ግዴታ አይደለም። ይሄ በ200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) ሲታተም 76 ሴንቲ ይወጣዋል፣ ለሳሎን ግድግዳ ይበቃል። ስድስት እግር የለ፣ ራስ የለሽ ጋላቢ የለ። ገንዘብ ያለው ደግሞ እንደ ኢንስታ360 ወይ ሪኮ ቴታ ያለ ባለሁለት ሌንስ ካሜራ ይግዛ፣ ዙሪያውን በአንድ ቅጽበት ነው የሚያነሳው፣ ስፌቱ ሁለቱ ሌንሶች በሚገናኙበት ጎን ላይ ብቻ ስለሆነ ፈረሱን ወደ አንዱ ሌንስ ፊት ለፊት ማድረግ ነው፣ በጎኑ በኩል ቅርብ ሰው አይቁም። ጥራቱ ከጥሩ ካሜራ ያንሳል፣ ማተም ለሚፈልግ አልመክርም። ሩጫው መንገድ ላይ ግን በምንም ካሜራ አትቁሙ፣ ፈረስ ፍሬን የለውም።

ስትሰፉ የሆነ ሰው ተቆርጦ ከወጣ ወዲያው አትጣሉት። ሀጊን ላይ ማስክ የሚል ቦታ አለ፣ ሰውየው ግማሹ ያለበትን ፎቶ ከፍታችሁ በቀዩ ዙሪያውን ከበቡት፣ ይሄን አታስገባ ማለት ነው፣ ሙሉ ያለበትን ፎቶ ላይ ደግሞ በአረንጓዴው ከበቡት፣ ይሄን የግድ አስገባ። ሶፍትዌሩ ስፌቱን ዞሮ ይወስደዋል። ፎቶሾፕ ላይም በየሌየሩ (በየፎቶው ንብርብር) ማስክ ላይ በጥቁር ብሩሽ መደበቅ፣ በነጭ ማሳየት፣ ያው ነው። ይሄ የሚሰራው ግን መደራረቡ ሰፊ ከሆነ ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ግማሽ ያልኳችሁ።

የመንዙን ነገር ረስቼው። መሀል ሜዳ አካባቢ ልጆች ከበቡኝ፣ ሁሉም መነሳት ይፈልጋል፣ እየተጋፉ ሌንሱ ስር ይገባሉ። የሰርከቱን ታሪክ ነገርኳቸውና በስልኬ ፓኖራማ እያነሳሁ ግራ ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ በኋላዬ ሮጦ ቀኝ ጫፍ እንዲቆም አደረግኩ። ፎቶውን ሲያዩ በቃ አለቀልኝ፣ ሁሉም መንታ መሆን ፈለገ፣ አንድ ሰአት ተኩል እዛው ቆየሁ፣ ፀሀይዋ ገባች፣ የመጣሁበትን ተራራ ሳላነሳ ተመለስኩ። የሚሰራው እንዲህ ነው፣ ልጁ ካሜራው ካለፈው በኋላ ብቻ ይሩጥ፣ ከፊት ሳይሆን ከኋላችሁ ይሩጥ፣ ቀኙ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እናንተም ቀስ በሉለት።

ፎቶውን ከቦታው ሳትለቁ ስክሪን ላይ አጉሉና ስፌት ስፌቱን እዩ፣ በተለይ እግርና እጅ፣ ደብረ ብርሃን ከደረሳችሁ በኋላ ተመልሶ መሄድ የለም። ለሰው ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆት ያ ሁሉ ሜዳ ስልክ ላይ ክር አክሎ ነው የሚደርሳቸው።